ልብ የወለደውን ስለ ማረም

ያልተደረገውን ነገር እንደ ተደረገ፥ ያልተወለደውንም ሰው እንደ ኖረ አድርጎ መጻፍ ሐሰት ነውን? ይህን ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደጉና ልብ ወለድ ለመጻፍ ብዕር ያነሡ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁታል። አንዳንዶቹ ከኅሊናቸው ጋር ሲሟገቱ ቈይተው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ጎን ትተው፥ የታሰባቸውን ሁሉ እንደ ታሰባቸው ጽፈው ወደ ማተሚያ ቤት ይሮጣሉ። የፊተኞቹ ፍርሃት ያለ ቦታው የገባ ነው፤ የኋለኞቹም ድፍረት እንደዚሁ። እኛ በዚህ ገጽ ልንመረምረው የምንወድደው ግን፥ ልብ ወለድ በራሱ ሐሰት ካልሆነ ሐሰት የሚገባበት በር የትኛው ነው? ደራሲስ ያን በር የሚዘጋው በምን ነው? የሚለውን ነው።

በመጀመሪያ የቅዱሳት መጻሕፍትን አካሄድ እንመልከት። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በመጣ ጊዜ የንጉሡን በደል ፊት ለፊት አንሥቶ አልጀመረም፤ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ እንደ ወሰደበት አድርጎ ታሪክ ነገረው እንጂ። እንዲህ ያለ ባለጠጋ በከተማው አልነበረም፤ በጊቱም አልነበረችም። ዳሩ ግን ዳዊት ባልነበረው ሰው ላይ ተቈጥቶ ፈረደ፤ ፍርዱም ዞሮ በራሱ ላይ ሆነ። በመጽሐፈ መሳፍንትም ኢዮአታም ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ ለሴኬም ሰዎች ተናገረ፤ ዛፍ እንደማይሄድ ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቃል። ጌታችንም በወንጌል ስለ ጠፋው ልጅ ባስተማረ ጊዜ፥ የዚያ ልጅ አባት ስሙ ማን ነው? አገሩስ ወዴት ነው? ብሎ የጠየቀ የለም። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሐሰተኛ ሰው የሚሻው ሰሚው እርሱን እንዲያምነው ነው፤ ምሳሌ ተናጋሪ ግን የሚሻው ሰሚው ራሱን እንዲያይ ነው። የቅኔ ተማሪም ይህን ገና ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሰሙ ይቀልጣል፥ ወርቁ ይቀራል፤ ሰሙንም ሐሰት ብሎ የከሰሰው የለም።

ልብ ወለድ የሚለው ስም ራሱ ዕድሜው ረዥም አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908) በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል አርእስት ነበረው፤ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የዚህ ዐይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» አወቀ የሚባል ወጣት በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ በአባቱ ተዝካር ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር የገጠመውን ክርክር አሳይተዋል። ስለ ድግስና ስለ ዕዳ የሚሰጠው ግሣጼ በዐደባባይ ሲነገር ሰሚው ለጎረቤቱ የተነገረ ይመስለዋል፤ በታሪክ ተጽፎ ሲያነብበው ግን ራሱን ከአወቀ ዘመዶች መካከል ተቀምጦ ያገኘዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የቅኔ ተማሪውን በዛብህን ሲያመጣልን፥ የቈሎ ተማሪን ኑሮ ያላየው የከተማ ሰው እንኳ አብሮት እንዲራብና አብሮት እንዲሰደድ አድርጎታል። ሁለቱም ደራሲዎች በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ነበሩ፤ ያ ትምህርት ልብ ወለድ ከመጻፍ አልከለከላቸውም።

እንግዲህ ሐሰት ወደ ልብ ወለድ የሚገባው ሰውዬው ስላልኖረ አይደለም። በሦስት በር ይገባል፤ አንደኛው ሳያዩ በመጻፍ ነው፤ ሁለተኛው የባልንጀራን ገመና በመሸጥ ነው፤ ሦስተኛው ሳያርሙ በማሳተም ነው።

የመጀመሪያውን በምሳሌ እንግለጠው። አንድ ጀማሪ ደራሲ ልጇ የሞተባትን እናት ሊጽፍ ተነሣ እንበል። «እጅግ አዘነች፤ ልቧ ተሰበረ፤ እንባዋ እንደ ጐርፍ ፈሰሰ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ለመጻፍ ያችን እናት ማየት አያስፈልግም፤ ከሰው አፍ የተለቀመ ቃል ነውና። አንባቢውም ቃሉን ያልፈዋል እንጂ እናቲቱን አያገኛትም። ነገር ግን ደራሲው ዐይኑን ከፍቶ ቢያይ፥ ያች ሴት በእንጀራ ቀን ሊጡ ሊያልቅ ሲል እንደ ልማዷ ትንሿን እንጎቻ ጋግራ፥ አውጥታ፥ የሚቀበላት ትንሽ እጅ እንደሌለ ያን ጊዜ ስታስታውስ ያገኛት ነበር። እንባ የሚል ቃል አልተጻፈም፤ አንባቢው ግን ያለቅሳል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው እውነት ነው? ሁለቱም ልብ ወለድ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከሰው ኑሮ የተወሰደ ስለ ሆነ እውነት ነው፤ የፊተኛው ግን ደራሲው ያላየውን እንዳየ ማስመሰሉ ስለ ሆነ ሐሰት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በብዙ ጀማሪዎች ድርሰት ውስጥ ገበሬውም፥ ሾፌሩም፥ ሊቀ ጳጳሱም በአንድ አፍ ይናገራሉ፤ እርሱም የደራሲው አፍ ነው። በቋንቋችን ግን ሰውና ሰው ያላቸውን ዝምድና አንዲት ቃል ትገልጠዋለች። በዐሥረኛው ገጽ ላይ አማቷን «አንቱ» ስትል የነበረች ምራት በሃያኛው ገጽ ላይ «አንቺ» ብትላት፥ ምክንያት ከሌለው ስሕተት ነው፤ ምክንያት ካለው ግን በዚያች ቃል ብቻ ቤት ፈርሷልና ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ይህን ያህል ኀይል በእጁ ሳለ ሳያስተውል የሚጽፍ ሰው፥ ሚዛን ይዞ ሳይመዝን እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ሁለተኛው በር ከዚህ ይልቅ የከፋ ነው። ደራሲ ከሰው መካከል ይኖራልና የሚጽፈውን ከሰው ይወስዳል፤ ይህ ነውር የለበትም። ዳሩ ግን የጎረቤቱን የትዳር ምሥጢር፥ በለቅሶ ቤት የሰማውን የቤተ ዘመድ ጠብ፥ ወይም ወዳጁ አምኖ የነገረውን ኀፍረት ወስዶ ስሙን ብቻ ቢለውጥ፥ ያ ሐሜት ነው እንጂ ድርሰት አይደለም። ተራ ሐሜተኛ ለሦስት ሰው ይነግራል፤ ይህ ግን ለሺህ ሰው ይነግራል፤ ተበዳዩም መልስ የሚሰጥበት መንገድ የለውም። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» ቢሉ፥ መለኪያው ይህ ነው፤ ያ ሰው መጽሐፉን ቢያነብብ «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ በሰው ፊት ያፍራልን? ወይስ «ይህ በእኔም ላይ የደረሰ ነው» ብሎ ይጽናናልን? የሚያፍር ከሆነ፥ ደራሲው ገና ልብ አልወለደም፤ የሰው ልጅ ሰርቆ ክርስትና አስነሣ እንጂ። ነገሩ በልቡ ውስጥ ሌላ መልክ፥ ሌላ ቦታ፥ ሌላ ምክንያት እስኪያገኝ ድረስ መታገሥ ይገባዋል።

ሦስተኛውና ዋናው በር ችኰላ ነው። በአማርኛችን «ማረም» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ሥራ አለው፤ አንድም ከእርሻ ላይ አረምን መንቀል ነው፤ አንድም የተጻፈውን ማቅናት ነው። ሁለቱ ሥራዎች በስም ብቻ ሳይሆን በጠባይም አንድ ናቸው። የጤፍ ማሳ ያላረመ ገበሬ «ዘርቻለሁና ደክሜአለሁ» ቢል የሚሰማው የለም። ያልታረመ ድርሰት ይዞ «ሌት ተቀን ጽፌአለሁ» የሚልም እንደዚሁ ነው። መጻፍ መዝራት ነው፤ ሲሳይ የሚሆነው ግን በማረም ነው።

ማረምም ጊዜ አለው። በወንጌል ባለ እርሻው ሠራተኞቹ እንክርዳዱን ሊነቅሉ በፈለጉ ጊዜ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ብሎ ከለከላቸው። ምሳሌው የተነገረው ስለ ዓለም ፍጻሜ ነው፤ ለብዕረኛም ግን ምክር አይታጣበትም። ታሪኩ ገና ሲበቅል እያንዳንዱን መስመር እየነቀሉ መትከል ቡቃያውን ያደርቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ደራሲው ጽሑፉን አስቀምጦ ወር ያህል ሌላ ሥራ ይሥራ። ሲመለስ የራሱን ጽሑፍ እንደ እንግዳ ያነብበዋል፤ በምላሱም ድምፅ አሰምቶ ያንብበው። ዐይን የሚዘልለውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋልና። ትንፋሽ የሚያሳጥር ዐረፍተ ነገር ይቈረጥ፤ ሁለት ጊዜ የተነገረ ነገር አንዱ ይውጣ፤ ታሪኩ በሦስተኛው ገጽ የሚጀምር ከሆነ የፊተኞቹ ሁለት ገጾች ምን ይሠራሉ ተብሎ ይጠየቅ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አረም ግን ሰብሉን የሚመስለው ነው። እሾህን ማንም ያውቀዋል፤ እንክርዳድ ግን ከስንዴ ጋር አብሮ ለምልሞ ያታልላል። በድርሰትም ውስጥ እንክርዳድ ማለት ያማረ ነገር ግን ቦታው ያልሆነ ቃል ነው። ደራሲው ይወድደዋል፤ ለወዳጆቹ ያነብበዋል፤ ታሪኩ ግን በእርሱ ምክንያት ይቆማል። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች በተለይ ለዚህ ፈተና ቅርብ ነን፤ ገበሬውን ሁሉ በሰምና ወርቅ ልናናግረው እንወድዳለንና። እንደዚሁም ስብከት በታሪክ መካከል ሲገባ እንክርዳድ ይሆናል። ስብከት ክቡር ነው፤ ቦታውም ዐውደ ምሕረት ነው። ደራሲ ግን ክፉውን ሰው ፍጹም ክፉ፥ ደጉንም ፍጹም ደግ አድርጎ ከጻፈ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ትምህርቱን ቢያነብብለት፥ አንባቢው ከክፉው ሰው ጋር ምንም ዝምድና ስለማይኖረው ንስሐ የሚገባበት ነገር አያገኝም። ናታን ባለጠጋውን ጭራቅ አድርጎ ቢስለው ኖሮ ዳዊት ራሱን ባላወቀ ነበር።

ማረም ብቻውን የሚሠራ ሥራም አይደለም። ገበሬ ለአረም ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ ለአንተ፥ ነገ ለእኔ ተባብለው አንዱ የሌላውን ማሳ ያርማሉ። ጀማሪ ደራሲዎችም እንዲህ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዱ የአንዱን ጽሑፍ ያንብብ፤ የሚያስመሰግነውን ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደ ሰለቸው፥ የት ላይ ነገሩ እንደ ጠፋበት በግልጥ ይንገረው። ከዚህ ሥርዐት ጋር የአገራችን ቅኔ ቤት ብዙ ዘመን ኖሮበታል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ በዋድላም ሆነ በሌላው፥ ተማሪው ለብቻው ተሰውሮ ቅኔ ይቈጥራል፤ ቈጥሮም ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። «አገባቡ ተሳስቷል፤ ቤቱ አልመታም፤ ሰሙ ወርቁን አልተሸከመውም» ይባላል፤ ሄዶ ደግሞ ይቈጥራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ ይታረማል። ተሰደብሁ ብሎ ጉባኤውን የሚለቅ ቢኖር ቅኔ አያውቅም፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ቢኖርም በጉባኤው ፊት ያፍራል። እርማትን እንደ ውርደት የማይቈጥር፥ ስርቆትን ግን እንደ ውርደት የሚቈጥር ቤት ነው። የዛሬው ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ ቤት የሚወርሰው ነገር ቢኖር ከቃሉ ጌጥ ይልቅ ይህ ጠባይ ነው።

አሁን ጽሑፉ ታረመ እንበል፤ ወደ ማሳተሙ እንሂድ። እዚህ ላይ አታሚና አሳታሚ አንድ እየመሰሉት የሚጎዳ ብዙ ሰው አለ። አታሚ በወረቀትና በቀለም የሚሠራ ነው፤ የሰጡትን ያትማል፤ ስሕተት ቢሰጡት ስሕተቱን አጥርቶ ያትማል። አሳታሚ ግን ጽሑፉን መርምሮ፥ አርታዒ መድቦ፥ ገንዘቡን አውጥቶ መጽሐፉን ወደ አንባቢ የሚያደርስ ነው። በአገራችን ብዙ ደራሲ በራሱ ገንዘብ ወይም በብድር በቀጥታ ወደ አታሚ ስለሚሄድ፥ በመካከል የሚያርም ሰው ሳይኖር ይቀራል። ይህን የሚያደርግ ሰው የአሳታሚውንም ዕዳ በራሱ ላይ ወስዷልና አርታዒ ፈልጎ ዋጋውን ሊከፍል ይገባዋል። ለሽፋን ሥዕል የሚወጣ ገንዘብ ሳይቸግር ለእርማት የሚወጣው ለምን ይከብዳል?

ወደ አሳታሚ የሚሄድ ጽሑፍ ደግሞ እንደ እንግዳ ልብሱን አስተካክሎ ይሂድ። ገጾቹ ቍጥር ይኑራቸው፤ ምዕራፍ ሁሉ በአዲስ ገጽ ይጀምር፤ የደራሲው ስምና አድራሻ በፊተኛው ገጽ ይጻፍ። የአንድ ሰው ስም በአንዱ ምዕራፍ በሀሌታው «ሀ»፥ በሌላው በሐመሩ «ሐ» አይጻፍ፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። በኮምፒውተር ሲጻፍ ዩኒኮድ በሚባለው የፊደል ሥርዐት ይጻፍ፤ በድሮዎቹ የየራሳቸው አሠራር ባላቸው ፊደሎች የተጻፈ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲከፈት እንደ ተበተነ ዶቃ ይሆናልና። አብሮም ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤና የታሪኩ አጭር መግለጫ ይሂድ፤ በመግለጫውም ፍጻሜውን መደበቅ አይገባም፤ አሳታሚው ሸማች ሳይሆን ሸሪክ ነውና። የተላከው ሁሉ ግልባጩ በእጅ ይቅር።

ውል በቀረበ ጊዜም ስንት ቅጂ እንደሚታተም፥ የደራሲው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ፥ ለስንት ዓመት እንደሚጸና፥ የመተርጐም መብት የማን እንደ ሆነ ሳያነብቡ መፈረም አይገባም። በአዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት የኢኮኖሚ መብት በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ እንግዲህ የሚፈረመው ስለ ራስ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆችም ነው። መጨረሻም ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚወጣውን ናሙና ቃል በቃል ማንበብ የመጨረሻው አረማ ነው። የብራና ጸሐፊ ቢሳሳት ፍቆ ያርመዋል፤ ስሕተቱም በአንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ይቀራል። የማተሚያ ስሕተት ግን በአንድ ቀን ሺህ ሆኖ ይወጣል፤ ሄዶም በሰው ቤት ይቀመጣል፤ ሰብስቦ የሚመልሰው የለም። አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚህ ይስማማል።

አሳታሚው «አልቀበልም» ቢልስ? ይህ ለደራሲው መራራ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉን አልቀበልም ማለት ሰውየውን አልቀበልም ማለት አይደለም። ምክንያት ከተነገረው ምክንያቱን ይመርምር፤ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንዱን ስፍራ ከነቀፉ ያ ስፍራ አረም አለበት። ምክንያት ካልተነገረውም ወደ ሌላ አሳታሚ ይላክ። አሳታሚዎችም በበኩላቸው የወጣትን ጽሑፍ ዓመት ሙሉ በመሳቢያ ቈልፈው ዝም ማለታቸው ደግ አይደለም፤ የአንድ መስመር መልስ እንኳ ከዝምታ ትሻላለች።

ደግሞም በማረም ሰበብ እስከ ዕለተ ሞት የማያሳትም አለ። ይህም በሌላ ወገን ያው ኃጢአት ነው። ጌታው የሰጠውን መክሊት በመሬት ውስጥ የቀበረው አገልጋይ የተፈረደበት አባክኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው እንጂ። ገበሬም ማሳው ላይ አንዲት አረም እስከማትቀር ቢጠብቅ ሰብሉ ይረግፍበታል። ታዲያ ደራሲ የማረም ሥራው እንዳለቀ በምን ያውቃል ቢሉ፥ የሚያወጣውና የሚያገባው ነገር ጽሑፉን የተለየ ብቻ እንጂ የተሻለ የማያደርገው በሆነ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ብዕሩን ያስቀምጥ።

እንግዲህ ያልኖረውን ሰው መጻፍ ሐሰት ነውን? ላሉት ወጣቶች መልሳችን ይህ ነው፤ አይደለም፤ ዕዳ ግን ነው። አንባቢ መጽሐፍ ሲገዛ ከእንጀራው የቈረሰውን ገንዘብ ይሰጣል፤ ከዚያም የሚበልጥ፥ የማይመለስ ጊዜውን ይሰጣል፤ ከሁሉም የሚበልጥ፥ ልቡን ከፍቶ ይሰጣል። ለተከፈተ ልብ ያልታረመ ነገር ማቅረብ ለእንግዳ ያልተለቀመ እህል አብስሎ እንደ ማቅረብ ነው፤ ድንጋዩ የሚሰብረው የባለቤቱን ጥርስ ሳይሆን የእንግዳውን ነው። ለሚጽፉት ትዕግሥትን፥ ለሚያርሙት ርኅራኄን፥ ለሚያነብቡትም ማስተዋልን ያድልልን።